ስም ያልተመታበት ሰንጢ

እስቲ ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ነገሩ የሰንጢ ነገር ነው። ስለት ስላለበት አትሳቀቁ፤ ሰው የወጋ ሰንጢ አይደለም። ብርቱካን የላጠ፣ ገመድ የበጠሰ፣ ጥሬ ሥጋ የቆረጠ፣ ኋላም መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የኖረ ሰንጢ ነው። ዓመተ ምሕረት ስጠራ በፈረንጆቹ ነው፤ የኛን የምትፈልጉ ሰባት ስምንት እያጎደላችሁ ስሙኝ።

ቦታው ክፋር ማርሞሬክ ነው። ከቴል አቪቭ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ረሖቮት የምትባል ከተማ አለች፤ በ1890 የተቆረቆረች፣ በብርቱካን ያደገች፣ ዛሬ በቫይዝማን የሳይንስ ተቋም ስሟ የገነነ። ማርሞሬክ የዚያች ከተማ ሰፈር ነው። የመሠረቱት የመናውያን አይሁድ ናቸው። በ1912 መጥተው ሰሜን፣ ኪኔሬት ባሕር ዳር ሰፍረው ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ኖሩ፤ ልጅ ወለዱ፤ ሙታናቸውን ቀበሩ። ከአጠገባቸው ከሰፈሩት ጋር በመሬቱ ሳይስማሙ ቀሩና በ1930 ተነሥተው ወደዚህ ወረዱ። መቃብራቸው እዚያው ሐይቁ ዳር ቀርቷል። የኛ ሰው፣ ቤተ እስራኤል፣ የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ በብዛት ያለውም በዚያችው ከተማ ቅርያት ሞሼ በሚባለው ሰፈር ነው። እኔ ግን ሥራ ስይዝ ማርሞሬክ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራየሁ፤ ከአንድ የመናዊ ሽማግሌ ጓሮ።

ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም። ሽማግሌውም ሕፃኑም “አታ” ነው። እኔ ባፌ “አታ” እያልኩ በልቤ አንቱ እላቸው ነበር፤ ስለዚህ ዛሬም ለናንተ ሳወራ አንቱ ብያቸዋለሁ። በመጀመሪያው ሰንበት ጠዋት ጠሩኝ። ሌሊቱን በምድጃ ያደረ ጃኽኑን አቀረቡ፤ ከጎኑ “ሒልቤ” የሚሉትን አኖሩ። ስቀምሰው የእናቴ አብሽ ሆነ! ጓሯቸው ጥግ ያለውን ቁጥቋጦ ምንድን ነው ብላቸው “ጋት” አሉኝ። ጫት ነው። ከዚያ በኋላ እንግድነቴን ረሳሁት።

ተበልቶ ሲያበቃ፣ ምስጋናው ከመድረሱ በፊት፣ ሽማግሌው ገበታው ላይ የነበረውን ቢላዋ በናፕኪን ሸፈኑት። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። “መሠዊያ የተሠራው ብረት ባልነካው ድንጋይ ነው፤ ገበታ ደግሞ መሠዊያ ነው። ብረት ዕድሜ ያሳጥራል፤ መሠዊያ ዕድሜ ይቀጥላል፤ ሁለቱ አይተያዩም” አሉኝ። ኦሪቱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ዘጸአት ላይ ያለ ነው። ቢላዋ ሲሸፈን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

“አባቴ ሰንጢ ትቶልኛል” አልኳቸው፤ ከአፌ አምልጦኝ።

ዓይናቸው በራ። “እኔም አለኝ። አንድ አይደለም፤ ሳጥን ሙሉ። ግን ሰንበት ነው። ሦስት ኮከብ እስኪወጣ ጠብቅ።”

ጠበቅሁ። ሦስት ኮከብ ወጣ፤ የሰንበት መሸኛው ጸሎት ደረሰ፤ ሳጥኑ ወጣ። የብስኩት ቆርቆሮ ሳጥን ነው። ከሱ ጋር አጉሊ መነጽር፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት፣ አሮጌ የጥጥ ካናቴራ። “ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም” አሉኝ።

በመጀመሪያ ያወጡት የአባታቸውን መሥሪያ ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ተራ ሰንጢ ነው፤ ሲከፈት ግን ስለቱ ቀጥ ያለ፣ ባንድ ጎን ብቻ የተሳለ፣ ከበስተኋላው ደግሞ ምላስ የመሰለች ቀጭን አጥንት ያለችበት ነው። የብርቱካን ችግኝ ማዳቀያ ነው። ረሖቮት ውስጥ ሚንኮቭ የሚባለው በ1904 የተተከለ የብርቱካን እርሻ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ምድሩ ሁሉ ብርቱካን ለብሶ ነበርና የመናውያኑ በዚያ የቀን ሥራ ይሠሩ ነበር። ጉልበተኛው ይቆፍራል፤ እጁ የታመነው ሰንጢ ይዞ ያዳቅላል። ባለ ሙያው በኮምጣጣው ብርቱካን ግንድ ላይ የቲ ፊደል ቅርጽ ይሰነጥቃል፤ ቅርፊቱን በአጥንቷ ምላስ ገልጦ የጣፋጩን እንቡጥ ያስገባል። በስለቱ ቢገልጠው ለስላሳው ሥጋ ይቆስልና እንቡጡ ይደርቃል፤ አጥንቷ ለዚህ ነው የተሠራችው። “አንገቱን አንብብ” አሉኝ።

ይህን ቃል ያዙልኝ፤ የሰንጢ ዕውቀት ሁሉ እዚህ ላይ ነው። የስለቱ አንገት ማለት ስለቱ ከእጀታው የሚጋጠምበት ያልተሳለው ብረት ነው። ሰንጢው ሲታጠፍ ተከልሎ ይቀራል፤ ሲከፈት ይታያል። ጀማሪ እጀታውን ያያል፤ ቀንድ ነው፣ የዝሆን ጥርስ ነው፣ ያብረቀርቃል ይላል። ነባሩ እጀታውን ትቶ አንገቱን ወደ መብራት ያዘነብላል፤ የሠሪው ስምና ምልክት፣ የከተማው ስም የሚመታው እዚያ ነውና። የሽማግሌው ማዳቀያ አንገት ላይ “ቲና” ይላል፤ ጀርመን አገር ሮይትሊንገን ከ1854 ጀምሮ የአትክልተኛ ሰንጢ የሚሠራ ቤት ነው። በስለቱ መሐል ግን ብረቱ ጎድጉዷል። የአርባ ዓመት መሳል ነው የበላው።

እኔም በተራዬ ልኩራ ብዬ፣ ለመሰብሰብ ስጀምር ከአንድ ገበያ የገዛሁትን አወጣሁ። የገበያውንም የነጋዴውንም ስም አልጠራም። ነጋዴው “የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ነው፤ ሮጀርስ ነው፤ እጀታው የዝሆን ጥርስ ነው” ብሎ 350 ሼቄል ተቀብሎኛል። እውነትም አንገቱ ላይ በላቲን ፊደል ቪ እና አር፣ በመካከላቸው ዘውድ፣ ከሥሩ ኮከብና የማልታ መስቀል አለ። ሽማግሌው አጉሊ መነጽሩን አስጠጉ። ዝም አሉ። ከዚያ ስለቱን አገላብጠው በወዲያኛው ጎን ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አሳዩኝ፤ “የማይዝግ” ትላለች።

“ቪክቶሪያ መቼ ሞተች?” አሉኝ።

“እንጃ።”

“በ1901። የማይዝገውን ብረት ሼፊልድ ውስጥ ሃሪ ብሬርሊ ያገኘው በ1913 ነው። ንግሥቲቱ ከመቃብር ተነሥታ ካልገዛች በቀር…”

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ 350 ሼቄሌ ነበረች። እየዘረዘሩ ቀጠሉ። ብረቱ ሁሉ በዕድሜ ሲጠቁር ማኅተሙ የተመታበት ጎድጓዳ ውስጡም አብሮ ይጠቁራል፤ የኔው ውስጡ ያብረቀርቃል፤ ትናንት የተመታ ነው። የዝሆን ጥርስ ደግሞ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት እርስ በርስ የሚቆራረጡ ስስ መስመሮች አሉት፤ የኔው እንደ ሳሙና ልሙጥ ነው፤ ፕላስቲክ ነው።

ሐሰተኛው ለምን ሮጀርስን መረጠ? ሼፊልድ የእንግሊዝ የስለት መዲና ናት። የቢላዋ ሠሪዎቹ ማኅበር በ1624 በሕግ ቆሞ፣ እያንዳንዱ ሠሪ ምልክቱን እያስመዘገበ፣ የሌላውን ምልክት የመታ ይቀጣ ነበር። ጆሴፍ ሮጀርስ ከነዚያ ቤቶች ስሙ የገነነው፣ ለነገሥታቱ ያቀርብ የነበረው ነው። ስም ሲከብር ሌባ ይበዛበታል፤ ይህ የዛሬ ነገር አይደለም። በ19ኛው ምዕት ዓመት ሼፊልዶች “ጀርመኖች፣ የዞሊንገን ከተማ ሠሪዎች፣ የኛን ስም እየመቱ ርካሽ ይሸጣሉ” ብለው ጮኹ። በዚህና በመሰለው ክስ የተነሣ እንግሊዝ በ1887 የንግድ ምልክት ሕግ አወጣች፤ ጀርመን የተሠራው “ጀርመን የተሠራ” ተብሎ እንዲጻፍበት። ውርደት እንዲሆን የታሰበው ጽሑፍ ኋላ የጀርመን መመኪያ ሆኖ አረፈው! አሜሪካም በ1890 ወጥቶ በ1891 በጸናው የቀረጥ ሕጓ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ያገሩ ስም ይጻፍበት አለች። ስለዚህ አንገቱ ላይ “ሼፊልድ” ብቻ ካለ ከዚያ በፊት ሊሆን ይችላል፤ “ኢንግላንድ” የሚል ከተጨመረበት ብዙውን ጊዜ ከ1891 ወዲህ ነው። ሐሰተኛ ካልሆነ፣ ማለቴ።

ሳጥኑ ውስጥ ሌሎችም ነበሩ፤ ባንዳንዱ ብዙ አልቆይም። የፈረንሳይ ኦፒኔል፣ የእንጨት እጀታ ያለው፤ አንገቱ ላይ የሚሽከረከረው መቆለፊያ ቀለበት የለውም፤ ቀለበቱ የመጣው በ1955 ስለሆነ ይህኛው ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል። የስዊስ ሰንጢ፣ “ቪክቶሪያ” የሚል፤ ሠሪው ካርል ኤልዜነር ስሙን ያወጣው እናቱ በ1909 ስትሞት ነው፤ በ1921 የማይዝገው ብረት ሲመጣ “ኢኖክስ” ተቀጠለበትና ዛሬ የምታውቁት ቪክቶሪኖክስ ሆነ። በእናት ስም የተጠራ ሰንጢ ደስ ይላል፤ እለፉት።

ስለ መቆለፊያው ካነሣሁ አይቀር፣ እዚህ አገር ያላችሁ አንድ ነገር ስሙኝ። በእስራኤል የወንጀል ሕግ ከቤት ውጭ ቢላዋ ይዞ የተገኘ፣ ለበጎ ነገር እንደያዘው ካላስረዳ፣ እስከ አምስት ዓመት ሊታሰር ይችላል። “ኦላር” የሚሉት ሰንጢ ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ እሱም ስለቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ በሞላም ሆነ በሌላ ዘዴ ተቆልፎ እንደ ቢላዋ ቀጥ ብሎ የማይቀር ማለት ነው። የአያቶቻችን ሰንጢ ብዙው እንዲህ ነው፤ ሞላው ይይዘዋል እንጂ አይቆልፈውም። ቢሆንም በኪስ ይዞ ገበያ ለገበያ መዞር ለኛ ልጆች አይመከርም። ለምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ከሳጥኑ ሥር ሽማግሌው አንድ ከባድ ሰንጢ አወጡ። እጀታው ጥቁር፣ ልባጡ እንደ ወንፊት በትንንሽ አራት ማዕዘን የተሸነሸነ፤ በአንድ ጫፉ ገመድ ማንጠልጠያ ቀለበት፤ አንድ ስለት፣ አንድ ቆርቆሮ መክፈቻ፣ ከጀርባው ደግሞ ወፍራም ወስፌ። ስለቱ ሹል አይደለም፤ ጫፉ እንደ በግ ሰኮና ቁልቁል ተቆልምሞ የደነዘዘ ነው። አንገቱ ላይ ቀስት ተመትቷል፤ የዶሮ እግር የሚመስል፣ ሦስት ጭረት አንድ ላይ የሚገናኝበት። ከሥሩ 1942 ይላል።

“ይህ ቀስት የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ማለት ነው” አሉኝ። “የወታደር ሰንጢ ነው። ስለቱ የደነዘዘው ለገመድ እንጂ ለመውጋት ስላልተሠራ ነው። ወስፌው የገመድ ቋጠሮ መፍቻ ነው። አባቴ አቂር የእንግሊዝ አየር ሰፈር ውስጥ ሳህን ያጥብ ነበር፤ ዛሬ ቴል ኖፍ የምትሉት። ከዚያ ነው ያመጣው። እንዴት እንዳመጣው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።”

እኔ ግን ሰንጢውን እያየሁ ልቤ ይመታል። ብድግ ብዬ ወደ ክፍሌ ሮጥሁ። የአባቴን አመጣሁ። ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው።

ያው ነው። ያው ጥቁር ልባጥ፣ ያው ቀለበት፣ ያው ወስፌ። በቆርቆሮ መክፈቻው አንገት ላይ ያቺው የዶሮ እግር። አንድ ነገር ብቻ ይለያል። ስለቱ። የሽማግሌው ድንዝ፣ የኔው ሹል። የሽማግሌው አንገት ላይ ቀስትና ዓመት፣ የኔው አንገት ባዶ።

የኔ ሰንጢ ታሪክ እኔ እስከማውቀው ይህ ነበር። የተገኘው ደምቢያ ነው፤ ጎንደር። ጣሊያን በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ እጁን የሰጠው ጎንደር ላይ፣ በኅዳር 1941 ነው፤ አዛዡ ጄኔራል ናሲ ነበር። የእንግሊዝ ጦርና የኢትዮጵያ አርበኞች ነበሩ የከበቡት። ወታደር ሲያልፍ ብዙ ነገር ይጥላል፤ ኮዳ፣ ቀበቶ፣ ጣሳ። አንዱ ሰንጢ ጥሏል፤ ወይም በዶሮ ለውጧል። ከዚያ ከባለቤት ባለቤት ተቀያይሮ አባቴ ዘንድ ደረሰ። በግንቦት 1991፣ በዘመቻ ሰሎሞን፣ በሠላሳ ስድስት ሰዓት ከ14 ሺህ በላይ ሕዝብ ከአዲስ አበባ ሲጫን፣ ዕቃ አይያዝም ስለተባለ እናቴ በመቀነቷ ጠቅልላ አመጣችው። ሰንጢውን የወደደችው ለስለቱ አይደለም፤ ለወስፌው ነው። እንግሊዝ የመርከብ ገመድ መፍቻ ብሎ የሠራውን እሷ ስፌት ሰፋችበት። ይኸው ዛሬ ወስፌው እንደ መስተዋት ነው፤ የስንደዶው ፍትጊያ ነው የወለወለው።

ሽማግሌው ሁለቱን እያገላበጡ “ያ እንግሊዝ እዚህም እዚያም አንድ እጅ ነበረው” አሉ። ልክ ናቸው። ኦርድ ዊንጌት የሚባለው መኮንን በ1938 እዚህ አገር የሌሊት ዘማች ቡድን አቋቁሞ ነበር፤ በ1941 ደግሞ ጌድዮን ብሎ የሰየመውን ጦር ይዞ ከጃንሆይ ጋር በጎጃም በኩል ገባ። ጸሐፊው አብርሃም አካቪያ ከዚህ ከፍልስጤም አብሮት የሄደ አይሁዳዊ ነበር። ቀስት የተመታበት ሰንጢ በማርሞሬክ መሳቢያም በደምቢያ መቀነትም መገኘቱ ስለዚህ ብዙ አይገርምም። የሚገርመው ስለቱ ነው።

ይህን ሰንጢ አንድ ጊዜ ለነጋዴ አሳይቼው ነበር። ገና አንገቱን እንዳየ መለሰልኝ። “ስለቱ ተቀይሯል። ዋጋ የለውም። ለመለዋወጫ ከሰጠኸኝ 20 ሼቄል።” በሰብሳቢ ሚዛን ተሳስቷል አልልም። ሰብሳቢ የሚፈልገው ከፋብሪካ እንደወጣ ያለውን ነው፤ ስለቱ በመሳል ያላለቀ፣ ልባጡ ያልተሰነጠቀ፣ ሲዘጋ ሞላው “ጧ” የሚል፣ ማኅተሙ የሚነበብ። የተቀየረ ስለት ለሱ ሬሳ ነው።

ሽማግሌው ግን አጉሊ መነጽሩን ከስለቱ ላይ አላነሡም። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ቡናዬ ቀዘቀዘ።

“ይህ ፋብሪካ አላየም” አሉ በመጨረሻ። “ና እይ።”

አየሁ። የስለቱ ጀርባ ውፍረቱ ወጣ ገባ ነው፤ ማሽን ያወጣው ብረት ግን ከጫፍ ጫፍ እኩል ነው። በጎኑ ላይ፣ ከመሳሉ በላይ፣ የመዶሻ ምት የተወው ስስ ጎድጓዳ አለ፤ በጣት አይታወቅም፤ በመብራት ሲያዘነብሉት እንደ ውኃ ይንቀጠቀጣል። የጥፍር መያዣው ቅርጽ ማኅተም አይደለም፤ በሞረድ የተፋቀ ነው። ስለቱን ከእጀታው ያያዘው ችንካር ከምስማር ተቆርጦ፣ ጫፉ በመዶሻ ተዳምጦ የተመታ ነው። ብረቱ ምን ይሆን? እኔ ይህን አውቀዋለሁ፤ አባቴ ነግሮኛል። ባሌስትራ ነው። ጣሊያን ጥሎት የሄደው የካሚዮን ባሌስትራ። የኛ ቀጥቃጮች ከባሌስትራ ማጭድም ምሳርም ያወጡ ነበር፤ ዓረብ ብረት ነውና ውኃ ሲያጠጡት ስለት ይይዛል።

“ሞረዱን አየኸው?” አሉ ሽማግሌው። ከስለቱ አንገት ላይ ሞረድ የሄደበት ጭረት በሙሉ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። ከራሳቸው ሳጥን በእጅ የተሠራ ሌላ ስለት አምጥተው አጠገቡ ያዙ። የዚያኛው ጭረት በተቃራኒው ነው ያዘነበለው። ባዶ እጃቸውን ሞረድ እንደያዘ ሰው አወዛወዙ፤ በቀኝ፣ ከዚያ በግራ። “ይህን የሠራው ሰው ግራኝ ነው።”

እንግዲህ እዚህ ላይ የሽማግሌውን ወገን ነገር ልንገራችሁ፤ ያን ዓይን ያመጡት ከዚያ ነውና። የመናውያን አይሁድ አንጥረኞች ነበሩ። የየመን ወንድ ወገቡ ላይ የሚሻጠውን ጃምቢያ የተባለ ቆልማማ ጩቤ ሰገባውን በብር የሚያስጌጡት እነሱ ነበሩ። ራሳቸው ግን በብዙው የየመን ምድር ጃምቢያ እንዲታጠቁ አይፈቀድላቸውም። ሰገባውን ሠርቶ ለሌላ ወገብ ማስረከብ። እኛ “ሥጋ ሰጥቶ ቢላዋ መንሳት” እንላለን፤ እነሱን ግን አገሩ ሰገባውን አሠርቶ ቢላዋውን ነሳቸው።

የኛስ? የኛን ታውቁታላችሁ። ቤተ እስራኤል ርስት ከተነጠቀ በኋላ ወንዱ ወናፍና መዶሻ ያዘ፤ ሴቷ ሸክላ። ጎረቤቱ ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ካራውን ከሱ ያሠራል። ቀን ያሠራውን ማታ “ቡዳ” ይለዋል፤ ጅብ ሆኖ ይሄዳል ይለዋል። ልጁን ከዓይኑ ይሸሽጋል። ጠዋት ደግሞ ማረሻው ሲዶለዱም ተመልሶ ይመጣል። የሼፊልዱ ቀጥቃጭ በሠራው ብረት ላይ ስሙን ይመታል፣ ሕግም ይጠብቅለታል። የኛው ስም ለመምታት ምን አንገት ነበረው? ስሙን ማን ሊያይለት? ማንነቱ የሚታወቀው በስድቡ ነው፤ ስድብ ደግሞ ብረት ላይ አይመታም።

ያን ሌሊት አክስቴ ጋ ስልክ ደወልሁ። ቅርያት ጋት ናት፤ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ከነሱ ትውልድ የቀረችው አንድ እሷ ናት። ደነገጠች። “ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?” አለች። ማንም አልሞተም፤ የሰንጢ ነገር ነው አልኳት። ቆጣ አለች፤ ከዚያ ጠየቅኋት፤ እታባ፣ የአባዬን ሰንጢ ስለት የሠራው ማን ነው?

“እሱንማ የእንግሊዙ ስለት ተሰብሮ ነው ያሠራው። በሬ ሲታረድ አጥንት ላይ ተሰበረ።”

“ማን ሠራው?”

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

“ከወንዙ ማዶ ያለው ነዋ። ግራኙ።”

“ስሙስ?”

“ግራኙ ነው የምንለው። ግራኙ ቀጥቃጭ። እጁ ወርቅ ነበር። ስሙን… አባትህ ያውቅ ነበር። እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ ግራኙ ነው የምንለው።”

ስልኩን ዘግቼ ስመለስ ሽማግሌው ፊቴን አይተው አልጠየቁኝም። “ግራኝ ነው” ብቻ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሞረዱ አልዋሻቸውም።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ብዙ ነገር ተማርሁ፤ አንዳንዱን ላካፍላችሁ። አሮጌ ሰንጢ ስታገኙ በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት፤ በሽቦም አትወልውሉት። ግራጫና ጥቁር የሆነው ቀለም ዕድሜ ነው፤ ብረቱን ይጠብቀዋል፤ ተዉት። ቀይ ሆኖ ጣት የሚያበላሸው ዝገት ነው፤ እሱን በዘይትና በጨርቅ አለስልሳችሁ አውጡት። የምግብ ዘይት አትጠቀሙ፤ ውሎ አድሮ ይጣበቃል፤ የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ በማጠፊያው ላይ ይበቃል። እጀታው ሴሉሎይድ ከሆነ፣ ያ ድሮ የዔሊ ቅርፊትና የዝሆን ጥርስ ለማስመሰል ይሠሩበት የነበረው፣ ለብቻው አስቀምጡት፤ እያረጀ ሲሄድ የሚያወጣው ትነት አጠገቡ ያለውን ብረት ሁሉ ያዝጋል። ሽማግሌው በዚህ ምክንያት ሦስት ጥሩ ሰንጢ አጥተዋል፤ ሲያወሩት አሁንም ይናደዳሉ። ቆዳ ሰገባ ውስጥም አታሳድሩ፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

ሐሰተኛው ሮጀርስስ? አልጣልኩትም። ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ይልጣል። የማይዝግ ነው፤ ለዚያ ይረባል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሽማግሌው ቤቱን ለልጃቸው ለቀው ወደ ልጅ ልጃቸው ሊሄዱ ሆነ። ዕቃቸውን ሲያሰናዱ ጠሩኝና ባለ ቀስቱን ሰንጢ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ እጅ በእጅ አልሰጡኝም። “ስለት በነጻ አይሰጥም፤ ወዳጅነት ይቆርጣል። ክፈል” አሉኝ። ኪሴን ዳበስሁ፤ ባለ መቅረዟን የዐሥር አጎሮት ሳንቲም አገኘሁ። ተቀበሉ፣ ሰንጢው የኔ ሆነ። ሁለቱ አሁን አንድ ጨርቅ ላይ ናቸው፤ አንገቱ ላይ ምልክት የተመታበትና አንገቱ ባዶ የሆነው። ባለ ቀስቱ በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋ አለው። የኔው 20 ሼቄል ነው።

በባዶው አንገት ላይ በክር ትንሽ ካርቶን አስሬበታለሁ። “እጀታው እንግሊዝ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን። ስለቱ ባሌስትራ፣ ደምቢያ፣ በግራኙ ቀጥቃጭ እጅ። ወስፌው በእናቴ” ይላል። ከዚህ በላይ የምጽፈው አላገኘሁም።

እናንተም ቤት መሳቢያችሁን ክፈቱ። ካራም ይሁን ማጭድ፣ ወይም እንደ መቃ ብዕር መቅረጫ ያለች ትንሽ ሰንጢ፣ አንገቷ ባዶ የሆነች ስለት ብታገኙ፣ ማን እንደሠራት የሚያውቅ አንድ አሮጊት ወይም አንድ ሽማግሌ ከቤተሰባችሁ ሳይኖር አይቀርም። ዛሬ ማታ ደውሉ፤ ቢቆጡም ደውሉ። “ቀጥቃጩ” ሲሏችሁ አትዝጉት፤ ስሙን ጠይቁ።